ከፍርድ ቤት በፊት የሚንኳኳው በር፦ የአውስትራሊያ የቤተሰብ ግንኙነት ማእከላት አገልግሎት ሲመዘን

በአውስትራሊያ የሚኖሩ ባልና ሚስት ከተለያዩ በኋላ ልጆቻቸው ከማን ጋር ይኑሩ፣ ሌላው ወላጅስ መቼ መቼ ያግኛቸው በሚለው ላይ መስማማት ካቃታቸው፣ ጉዳያቸውን እንደፈለጉ በቀጥታ ለዳኛ ማቅረብ አይችሉም። በቅድሚያ ፈቃድ ባለው አሸማጋይ ፊት ለመነጋገር መሞከራቸውን የሚያሳይ ሰርተፊኬት ይጠየቃሉ። ይህን ሙከራ በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ ከሚያስተናግዱት መካከል ዋነኞቹ በፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ የሚንቀሳቀሱትና «ፋሚሊ ሪሌሽንሺፕ ሴንተር» የሚባሉት ማእከላት ናቸው። በማኅበረሰባችን ውስጥ ትዳራቸው የፈረሰ ወላጆችን ወደነዚህ ማእከላት ስሸኝ፣ ቅጽ ሲሞሉ ሳግዝና ይዘውት የወጡትን ስምምነት አብሬያቸው ሳነብ ቆይቻለሁና፣ አገልግሎቱን ካየሁት ተነስቼ ልመዝነው እፈልጋለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ብዙ ሰው የማእከላቱ ጥቅም ሁለቱን ወላጆች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማስቀመጣቸው ይመስለዋል፤ እኔ ግን ትልቁ ዋጋቸው ከዚያ በፊት እያንዳንዱን ወላጅ ለብቻው ተቀብለው በሚያዳምጡበት ሰዓት ላይ ነው እላለሁ። የአገልግሎቱ ጥንካሬም ድክመትም ከዚያች ሰዓት ይጀምራል።

ማእከላቱ እንዴት እንደተቋቋሙ ማወቅ ምን እንደሚሰጡና ምን እንደማይሰጡ ለመረዳት ይረዳል፤ ካልገለጽኩ በቀር ዓመታቱንና ቀኖቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። በ2003 መጨረሻ የአውስትራሊያ የተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ ወላጆች ከተለያዩ በኋላ ያለውን የልጆች አያያዝ መርምሮ፣ እንዲህ ያለው ክርክር ከፍርድ ቤት ይልቅ ለዚሁ በተቋቋመ ትሪቡናል፣ ማለትም ከመደበኛው ፍርድ ቤት ውጭ በሆነ ፈራጅ አካል እንዲታይ ሐሳብ አቀረበ። የጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ መንግሥት ትሪቡናሉን አልተቀበለም። በምትኩ፣ የቤተሰብ ሕግ ምሁሩ ፓትሪክ ፓርኪንሰን ያመነጩትን ሐሳብ ይዞ፣ የተለያዩ ወላጆች መጀመሪያ የሚያንኳኩት በር የጠበቃ ቢሮ መሆኑ ቀርቶ ሰው በሚመላለስበት ሰፈር፣ ከገበያና ከትራንስፖርት አጠገብ የሚገኝ የምክርና የሽምግልና ማእከል እንዲሆን ወሰነ። በሐምሌ 2006 የመጀመሪያዎቹ 15 ማእከላት ሲከፈቱ ከሜልበርን ምዕራብ ሰንሻይን፣ ከሲድኒ ፔንሪዝ፣ ከአደሌድ ሳልዝበሪ፣ ከሰሜን ደግሞ ዳርዊንና ታውንስቪል ተካተቱ፤ በ2008 ቁጥራቸው 65 ደረሰ።

እዚህ ላይ ሌሎች አገሮች ሊማሩበት የሚገባ ጥንቃቄ አለ። ሕጉ በ2006 ቢሻሻልም የሰርተፊኬቱ ግዴታ በአንድ ቀን አልተጫነም። ከሐምሌ 1 ቀን 2007 ጀምሮ ቀድሞ ክስ መስርተው የማያውቁ አመልካቾችን፣ ከሐምሌ 1 ቀን 2008 ጀምሮ ደግሞ ሁሉንም አመልካቾች የሚመለከት ሆነ። ግዴታው የተራመደው ማእከላቱ በተከፈቱ መጠን ነው ማለት ነው። በየአገሩ ሕግ ቀድሞ ወጥቶ ቢሮው ሳይኖር ሰው የሚንገላታበትን አሠራር ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ቅደም ተከተል ቀላል ነገር አይደለም።

ማእከላቱን የሚያስተዳድሩት ከመንግሥት ጋር ውል የገቡ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ናቸው፤ ሪሌሽንሺፕስ አውስትራሊያ፣ አንግሊኬርና ኢንተርሪሌት ከነዚህ ይጠቀሳሉ። ስለዚህ ከበር ላይ ያለው ምልክት አንድ ዓይነት ቢሆንም ውስጥ የሚሠራው ድርጅት ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ በአንዱ የተደሰተ ሰው ለወዳጁ ሌላውን ቢመክር ተመሳሳይ አቀባበል ላያገኝ ይችላል።

አሁን ወደዚያች የመጀመሪያ ሰዓት ልመለስ። ወላጁ ደውሎ ወይም በአካል ቀርቦ ከተመዘገበ በኋላ ለብቻው ለቃለ መጠይቅ ይጠራል፤ ሌላው ወላጅም በሌላ ቀን ለብቻው ይጋበዛል። ባለሙያው የሚጠይቀው ስለ ልጆቹ ዕድሜና ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም። ተለያይታችሁ ሳለ እንኳ የምትፈሪው ነገር አለ ወይ፣ ስልክሽን የሚከታተል አለ ወይ፣ ገንዘብ የሚይዘው ማን ነበር፣ በአንድ ክፍል አብራችሁ ብትቀመጡ ያሰብሽውን ሁሉ መናገር ትችያለሽ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ይህ የወግ ጥያቄ አይደለም። አሸማጋዩ ድርድሩ ለዚህ ቤተሰብ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም ብሎ የመወሰን ሕጋዊ ኃላፊነት አለበት፤ አይሆንም ካለም ሁለቱን ሳያገናኝ ይህንኑ የሚገልጽ ሰርተፊኬት ይሰጣል፣ መንገዱም ወደ ፍርድ ቤት ክፍት ይሆናል።

እኛ ያደግንበትን ሽምግልና አከብራለሁ። ብዙ ትዳር አትርፏል፣ ብዙ ደም አድርቋል። ኢትዮጵያም ብትሆን በራሷ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ጉዳይ ለዘመድ ዳኞች ሰጥታ የኖረች አገር ናት፤ ፍቺን የመወሰኑ ሥልጣን ወደ ፍርድ ቤት የተሻገረው በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ነገር ግን ሽማግሌዎቻችን ሲቀመጡ ባልም ሚስትም ፊት ለፊት፣ ብዙ ጊዜም በሁለቱም ወገን ዘመዶች መካከል ሆነው ነው የሚናገሩት። ድምፁ የጎላው፣ አንደበቱ የተፈታው፣ በዕድሜም በሀብትም የገዘፈው ወገን ያመዝናል። ሌላዋ «እሺ፣ ይሁን» ትላለች፤ እሺታዋ ከፈቃድ የመጣ ይሁን ከይሉኝታ ወይም ከፍርሃት የሚጠይቃት የለም። ሽምግልናችን ደግሞ ማስታረቅን ግቡ አድርጎ የተሠራ ነው። ማእከላቱ ግን ትዳሩ ተመልሶ ይቁም አይቁም የሚለውን ለባለትዳሮቹ ትተው፣ ከተለያዩ በኋላ ልጁ ሰኞ ጠዋት ማን ትምህርት ቤት እንደሚያደርሰው ይጠይቃሉ። ከወላጆቹ አንዱን ያኮረፈ ዘመድ መስሎ ሳይሆን የልጁን ሳምንት ይዞ የሚቀመጥ ሰው ማግኘት፣ በስደት ላለና ሽማግሌው ሁሉ የአንዱ ወገን ወዳጅ ለሆነበት ቤተሰብ፣ ትልቅ እፎይታ ነው።

ስለ ምስጢር የሚነሳውን ሥጋት አውቀዋለሁ፤ «የቤታችሁን ጉድ ለመንግሥት ካወራችሁ ልጆቻችሁን ይወስዱባችኋል» የሚለው ወሬ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ደጃፍ ይሰማል። ማእከሉ የሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት አይደለም፣ ልጅ የመውሰድ ሥልጣንም የለውም። በድርድሩ ላይ የተነገረው ነገር በቤተሰብ ሕጉ መሠረት ምስጢር ነው፤ በኋላ በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ እንዳይቀርብም ሕጉ ይከለክላል። ይሁን እንጂ ጥበቃው ወሰን አለው። በልጅ ላይ ጥቃት ደርሷል ወይም ሊደርስ ነው የሚል ምልክት ካለ፣ ወይም የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ፣ ባለሙያው ለሚመለከተው አካል ያሳውቃል። ይህን ልዩነት ከመጀመሪያው ቀን በግልጽ የሚናገር ማእከል አመኔታ ያገኛል፤ ወረቀት ላይ አስፈርሞ የሚያልፍ ግን በእኛ ሰው ዘንድ ከሁሉም በላይ የሚፈራውን ጥርጣሬ ይዘራል።

ድርድሩ ተገቢ ነው ከተባለ ሁለቱ ወላጆች ከአሸማጋዩ ጋር ይቀመጣሉ። አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ግዴታ አይደለም። ፊት ለፊት መተያየት የሚያስጨንቃቸው ሰዎች በሁለት ክፍል ተቀምጠው አሸማጋዩ እየተመላለሰ ሐሳባቸውን ያደርሳል፤ በስልክ ወይም በቪዲዮ ማድረግም ይቻላል፣ የመግቢያና የመውጫ ሰዓታቸውም በደጅ እንዳይገጣጠሙ ይለያያል። በአንዳንድ ማእከላት ከልጆች ጋር የሚሠራ ባለሙያ ልጁን ለብቻው አነጋግሮ፣ ልጁ እንዲነገርለት የፈቀደውን ብቻ ለወላጆቹ ያደርሳል። ልጁን ምስክር ሳያደርግ ድምፁን ወደ ክፍሉ የሚያስገባው ይህ አሠራር በሁሉም ቦታ ቢገኝ እመኝ ነበር።

በድርድሩ ላይ ከሌላ ነገር ሁሉ በላይ የሚያጨቃጭቀው የሌሊቶች ቁጥር ነው። ምክንያቱን ብዙ ወላጅ ዘግይቶ ነው የሚረዳው። በአውስትራሊያ የልጅ ማሳደጊያ ክፍያ ሲሰላ ልጁ በዓመት ስንት ሌሊት ከማን ጋር እንደሚያድር ይታያል፤ ከ52 ሌሊት በታች ወላጁ የልጁን ወጪ በማሳደር እንደተጋራ አይቆጠርለትም፣ 52 ላይ ሲደርስ ግን ስሌቱ ይለወጣል፣ 128 ላይ ደግሞ እንደገና ይለወጣል። ስለዚህ «በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሌሊት ልጨምር» የሚል ጥያቄ የናፍቆት ጥያቄ ሊሆን ይችላል፣ የገንዘብም ሊሆን ይችላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ የሁለቱም ነው። ያየኋቸው ጎበዝ አሸማጋዮች ይህን በግልጽ አንስተው ገንዘቡን ከሌሊቱ ለይተው እንዲነጋገሩበት ያደርጋሉ። ይህ ካልተደረገ አባት «ልጄን ከለከለችኝ»፣ እናት «ገንዘቡን ሊቀንስ ነው» እያሉ፣ ሁለቱም እውነት ይዘው፣ ልጁ በመካከል በሌሊት ቆጠራ ይከፋፈላል።

አንድ ስምምነት ያነበብኩት እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። በጥሩ እንግሊዝኛ የተጻፈ፣ በሁለቱም የተፈረመ፣ ቀን የተጻፈበት ነው። «ልጆቹ ፋሲካን ከእናታቸው ጋር ይውላሉ» ይላል፤ የትኛው ፋሲካ እንደሆነ ግን አይልም። በ2024 የምዕራባውያኑ ፋሲካ መጋቢት 31፣ የእኛ ፋሲካ ግን ግንቦት 5 ዋለ። አባትየው ልጆቹን ለመጋቢቱ ረጅም የዕረፍት ቀን አስረክቦ ቃሉን እንደጠበቀ ቆጠረ። እናትየው ግን የሁለት ወር ጾም ጾማ፣ ዶሮዋን አዘጋጅታ የምትጠብቃቸው ለግንቦት ነበር፤ ያ እሑድ ደግሞ ትምህርት ቤት ተከፍቶ የአባታቸው ተራ የሆነበት ቅዳሜና እሑድ ሆነ። በ2025 ሁለቱ በዓላት በአንድ ቀን ሚያዝያ 20 ስለዋሉ ችግሩ ለጊዜው ተሸፈነ እንጂ አልተፈታም። ገናም እንዲሁ ነው፤ ታኅሣሥ 25 እና ጥር 7 ሁለቱም በበጋው የትምህርት ዕረፍት ውስጥ ስለሚውሉ እኩል የተካፈለው ዕረፍት ማንን ገናውን እንደሚያሳጣው የሚያውቅ የለም። ሙስሊም ቤተሰቦች ደግሞ ኢድ አል ፈጥር በየዓመቱ ካለፈው ዓመት ቀን ቀደም እያለ ስለሚመጣ በቀን ቆርጠው መጻፍ አይችሉም፤ «ጨረቃ በታየችበት ማግስት» ብለው በግልጽ ማስጻፍ ይኖርባቸዋል። አሸማጋዩ ይህን ሁሉ እንዲያውቅ አይጠበቅም። መጠየቅ ግን ይጠበቅበታል፤ ያ ጥያቄ የሚነሳበት ትክክለኛ ቦታም የብቻው ቃለ መጠይቅ ነው።

የአስተርጓሚው ጉዳይ አገልግሎቱን ለአማርኛ ተናጋሪ የሚያቀናው ወይም የሚያበላሸው ነገር ነው። በስልክ ቁጥር 131 450 የሚገኘው የመንግሥት የትርጉም አገልግሎት አማርኛን ያካትታል፤ ማእከሉ ያዘጋጃል፣ ወላጁ ከኪሱ አይከፍልም። ሆኖም ማኅበረሰባችን ትንሽ ነው። በአካል የመጣው አስተርጓሚ የባልየው የዕቁብ ጓደኛ ወይም የሚስትየው የሰፈር ሰው ሆኖ ይገኛል፣ ያን ጊዜ ሴትዮዋ አፏን ትዘጋለች። ስለዚህ ከሌላ ክፍለ ግዛት የሚደወልለት የስልክ አስተርጓሚ እንዲመደብ፣ ከተፈለገም ሴት ወይም ወንድ እንዲሆን አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል፣ ይገባልም። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ማእከል አስተርጓሚውን ልክ ያለ ትርጉም እንደሚካሄድ ውይይት ለአንድ ሰዓት ብቻ ቀጠረው፤ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ሲነገር ሰዓቱ አልቆ፣ ሴትዮዋ ስለ ፍርሃቷ መናገር የጀመረችው አስተርጓሚው ሊሰናበት ሲል ነበር። ቀጣዩ ቀጠሮ ሳምንታት ወሰደ። በአስተርጓሚ ለሚደረግ የመጀመሪያ ቃለ መጠይቅ እጥፍ ሰዓት መያዝ በየትኛውም ማእከል የጸና መመሪያ ሊሆን ይገባዋል፤ ገንዘቡን የሚመድበው መንግሥትም ይህን አስቦ መመደብ አለበት።

ስለ ክፍያ ብዙ የሚባል የለም። የብቻው ቃለ መጠይቅና የመረጃ አገልግሎቱ ነጻ ነው፣ የጋራው ድርድር የመጀመሪያ ሰዓትም እንዲሁ። ከ2011 ጀምሮ በወጣው ሥርዓት ገቢያቸው በዓመት ከ50,000 ዶላር የሚበልጥ ሰዎች ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ሰዓት በሰዓት 30 ዶላር ይጠየቃሉ፤ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አይከፍሉም። ከዚያ ለሚበልጥ ሰዓት እያንዳንዱ ማእከል የራሱ ተመን ስላለው ሲደወል መጠየቅ ነው። ጠበቃ በሰዓት ከሚያስከፍለው ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ሰርተፊኬቱን በተመለከተ በሕዝባችን ዘንድ የተዛባ ግንዛቤ አለ። ብዙዎች እንደ ማለፊያ ወረቀት ያዩታል፤ ቀርበው ዝም ብለው ተቀምጠው ይዘውት ለመውጣት ይመጣሉ። ሰርተፊኬቱ ግን አምስት ዓይነት ነው፦ ሌላው ወገን አልቀረበም የሚል፣ ድርድሩ ተገቢ ሆኖ አልተገኘም የሚል፣ ሁለቱም ቀርበው ከልብ ሞክረዋል የሚል፣ ቀርበው ግን አንዱ ወይም ሁለቱም ከልብ አልሞከሩም የሚል፣ ተጀምሮ መቀጠሉ ተገቢ አይደለም የሚል። ዳኛው ይህን አይቶ ወላጆቹን ወደ ድርድር ሊመልስ፣ በወጪ ኪሣራ ውሳኔ ላይም ግምት ሊሰጠው ይችላል። ደግሞም ግዴታው ለሁሉም አይደለም። የቤት ውስጥ ጥቃት ወይም የልጅ ጥቃት ካለ፣ ጉዳዩ አስቸኳይ ከሆነ፣ ወይም ሁለቱም በተስማሙበት ነገር ትእዛዝ የሚጠይቁ ከሆነ ያለ ሰርተፊኬት ፍርድ ቤት መቅረብ ይቻላል። የተደበደበች ሴት «መጀመሪያ ሽምግልና ሂጂ» ተብላ ወደ ባሏ ፊት መገፋት የለባትም። ይህን ሳያውቁ «ሕጉ ያስገድድሻል» የሚሉ ዘመዶች ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርሱ ማየት ያማል።

ስምምነት ላይ ሲደረስ የሚጻፈው «ፓረንቲንግ ፕላን» የሚባለው ሰነድ በጽሑፍ የሰፈረ፣ የተፈረመበትና ቀን ያለው መሆን አለበት። በራሱ ግን እንደ ፍርድ አይፈጸምም፤ አንዱ ወገን ቢያፈርሰው ሌላው ፖሊስ ይዞ ሊያስከብረው አይችልም። አስገዳጅ እንዲሆን የሚፈልጉ ወላጆች ያንኑ ስምምነት በፌዴራሉ የቤተሰብ ፍርድ ቤት በስምምነት ትእዛዝ ማስጸደቅ ይችላሉ፤ ለዚህ ሙግትም ችሎትም አያስፈልግም። በማእከላቱ ላይ ካለኝ ቅሬታ አንዱ ይህን ልዩነት ዘግይተው ወይም በወፍራም ብሮሹር ብቻ መናገራቸው ነው። ወላጆች ፈርመው ሲወጡ ፍርድ ያገኙ ይመስላቸዋል፤ የተጣሰ ዕለት ግን መንግሥት የከዳቸው ያህል ይሰማቸዋል።

ሕጉ ራሱ ከተለወጠ በኋላም የድሮው ወሬ አልሞተም። የ2006ቱ ማሻሻያ ወላጆች በልጁ ትላልቅ ጉዳዮች ላይ እኩል ኃላፊነት አላቸው የሚል ግምት አስገብቶ ነበር፤ ብዙ ሰው ይህን «ልጁ እኩል በእኩል ይከፈላል» ብሎ ተረድቶት ኖረ፣ በድርድር ክፍልም መብቴ ነው እያለ ይከራከርበት ነበር። ከግንቦት 6 ቀን 2024 ጀምሮ ያ ግምት ከሕጉ ወጥቷል፤ አሁን ሚዛኑ የልጁ ጥቅምና ደኅንነት ነው። ዛሬ ወደ ማእከል የሚሄድ አባት ወይም እናት ከአሥር ዓመት በፊት ወዳጁ በነገረው ሕግ ተማምኖ እንዳይገባ፣ ከቀጠሮው በፊት 1800 050 321 ደውሎ በቤተሰብ ምክር መስመሩ ቢጠይቅ ይጠቀማል፤ አስተርጓሚ ስጡኝ ማለትም ይቻላል።

ከሁሉ በላይ የሚጎድለው ክትትል ነው። ስምምነቱ ሲፈረም ልጁ ሦስት ዓመቱ ሊሆን ይችላል፤ በስድስት ዓመቱ ትምህርት ቤት ይገባል፣ አንዱ ወላጅ ሥራ ይለውጣል፣ ሌላው ያገባል። ወላጆቹ በራሳቸው ተነሳሽነት ተመልሰው መምጣት ይችላሉ፣ ነገር ግን የሚመለሱት ጠቡ ዳግም ከከረረ በኋላ ነው። የማእከላቱ ሥራ አዲስ ጉዳይ በመቀበል ብቻ ሳይወሰን፣ ለእያንዳንዱ ስምምነት ከስድስት ወርና ከዓመት በኋላ የሚደረግ አንድ አንድ የብቻ ጥሪ ቢታከልበት፣ ያቺ የመጀመሪያ ሰዓት የምትሰጠውን ጥቅም እንደገና ይሰጣል፦ እናትየው ለብቻዋ፣ አባትየው ለብቻው፣ «ስምምነቱ እየሠራ ነው? ልጁስ እንዴት ነው? የትኛው ቀን ከበዳችሁ?» ተብለው ይጠየቃሉ። መንግሥት ለአዳዲስ ማእከላት ገንዘብ ለመመደብ በተነሳ ቁጥር መጀመሪያ ሊያስብበት የሚገባው ይህን ነው እላለሁ።